«ፈውስ ተገኘ» ስትሉ ጎረቤቴ እልል አለች

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት የሰፋሁት በታመሙ ጣቶች ነው። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እገዛለሁ። አንብቤ ስጨርስ የእጅጌና የአንገት ልክ አወጣበታለሁ። ይህን ስል አትቀየሙኝ፤ ለልክ ማውጫ ከጋዜጣ የሚሻል ወረቀት አላገኘሁም።

ከሦስት ሳምንት በፊት የወጣውን ግን አልቆረጥኩትም። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ርዕሱ «ለሪህ ፈውስ ተገኘ» ይላል። ከሥሩ ሳይንቲስቶች ትንንሽ ፕሮቲኖችን በኮምፒውተር እየነደፉ፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ ለሚመጡ በሽታዎች መድኃኒት ሊያደርጓቸው እንደሆነ ይተርካል። ጽሑፉ ውስጥ ብዙ ስህተት አላየሁም። ጉዱ ርዕሱ ላይ ነው። የሰው ዓይን ደግሞ የሚያርፈው እዚያው ነው።

የዚያን ቀን ሱቄን ገና ሳልከፍት፣ አጠገቤ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ጋዜጣውን ይዛ እልል እያለች መጣች። «እትዬ፣ ተገላገልሽ!» አለችኝ። ሁለት ደንበኞቼ ገጹን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ላኩልኝ። አንዷማ «ከእንግዲህ ቀሚሴን በቀጠሮው ቀን ትሰጪኛለሽ ማለት ነው» ብላ ጨመረችበት። ሳቅኩ። እውነቷን ነው፣ አጉላልቻታለሁ።

ያላሳቀኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። ሕክምና ስመላለስ ወረፋ ላይ የተዋወቅኳት አንዲት እናት አለች። በሽታችን አንድ ነው፣ ኪኒናችንም አንድ ነው። ደውላ «አዲሱ እስኪመጣ ሆዴን ላሳርፈው ብዬ ኪኒኑን ተውኩት» አለችኝ። ለመንኳት፣ አልሰማችኝም። «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!» ትለኛለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቷ አብጦ፣ ከባጃጅ ያወረዷት ሁለት ሰዎች ደግፈው ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ከስሙ ልጀምር። እኛ አገር መገጣጠሚያ ካመመ ሁሉም ሪህ ነው፣ ወይ ቁርጥማት ነው፣ ወይ ብርድ ነው። ሐኪሞች ሪህ የሚሉት ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ ሲበዛ የሚመጣውን፣ ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣትን የሚይዘውን ነው። የኔው፣ የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓመት አለፈ። ሥጋ ተይ ተባልኩ፣ ተውኩ። ምስር ተይ ተባልኩ፣ ተውኩ። አንድ ፋሲካ ዶሮ ወጡን እያሸተትኩ ጎመን በላሁ። ሶደሬ ፍል ውሃም ተመላለስኩ። አልዋሽም፣ ፍል ውሃው ያላላል። ከሰዓቱን ጣቶቼ የልጅነቴን ጣቶች ይሆናሉ። በማግስቱ ጠዋት ያው ናቸው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ስነሳ እጄ የኔ አይደለም። ጣቶቼ እንደታጠፉ ያድራሉ። አንድ በአንድ በሌላው እጄ እስባቸዋለሁ። ሞቅ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አድርጌ እነክራቸዋለሁ። መቀስ እስክይዝ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። ሲንጀሬን በእግሬ ስለምረግጣት ችግር የለብንም። ያቃተኝ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ነው። የእህቴ ልጅ ማታ ማታ አሥራ ሁለት መርፌ ክር አስገብታ፣ ትንሿ ትራስ ላይ ሰክታልኝ ትሄዳለች። አሥራ ሁለቱ ካለቁ የዚያን ቀን የእጅ ስፌት አበቃ።

ይቺ ልጅ ፋርማሲ ትማራለች። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ስኳር ያዛት፤ ኢንሱሊን ካልተወጉ የማይኖርበት ዓይነቱ። የሷ መከላከያ ቆሽቷ ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ፈጃቸው። የኔው መገጣጠሚያዎቼን ያዘ። በደምም በበሽታም ዘመዴ ናት።

ጋዜጣውን ያነበብነው አብረን ነው፣ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ በስልኳ ብርሃን። አልገባኝም ስላት የቁልፍ ቆርቆሮዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። «አክስቴ፣ ይሄ ቲኤንኤፍ ነው» አለችኝ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ አንስታ። ቲኤንኤፍ በደም ውስጥ «ጠላት ገብቷል» እያለ የሚዞር መልእክተኛ ፕሮቲን ነው። ሴሎች ላይ የሱን ልክ የሚያህል የቁልፍ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ሴሉ ይቆጣል፣ አካባቢው ይቀላል፣ ያብጣል። ጠላት ሲገባ ይህ ጥሩ ነው። እኔ ጋ ግን ሌባ ሳይገባ ይጮሃል። የቤቱን ልጅ ሌባ ብሎ እንደሚደበድብ ዘበኛ በሉት። መድኃኒቱ ወይ ቁልፉን ይሸፍነዋል፣ ወይ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እስከዚህ ድረስ ለልብስ ሰፊ ግልጽ ነው።

ለዚህ ሥራ አሁን ያሉት መድኃኒቶች ትልልቅ ናቸው። ሰውነት ጠላትን ለመያዝ የሚሠራቸው ዓይነት፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ሁለት እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው ይመስላሉ፤ ይዞ የሚያስቀረው የእጁ ጫፍ ብቻ ነው። ከነዚህ አንዱ አዳሊሙማብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለኔ በሽታ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የእህቴ ልጅ እንደነገረችኝ።) በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ከሚላቸው ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ዝርዝር ውስጥ መግባትና እኔ ሰፈር መድረስ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከእንስሳ የተወሰዱ ሴሎችን በትላልቅ ጋኖች ውስጥ እየቀለቡ ነው የሚያመርቱት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ሐኪሜ ዋጋውን ሲነግረኝ በልቤ ሲንጀሬን ሸጥኩ፣ ኦቨርሎኩን ሸጥኩ፣ የሱቁን መስታወት ሳይቀር ሸጥኩ። አልሞላም።

እዚህ ላይ ግመል ትገባለች። ጽሑፋችሁ ይህን ሳያነሳ ማለፉ ትንሽ አናዶኛል። ለኛ ለአዳማ ሰዎች ግመል ተረት አይደለችም። ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳል። መተሐራን ሲያልፍ ግመሎች አስፋልቱን እስኪሻገሩ ሞተር አጥፍቶ እንደሚጠብቅ ይነግረኛል። ሲመለስ የግመል ወተት በጄሪካን ያመጣልኛል። «ጠጪው፣ ለሪህ ነው» ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤልጅየም ብራሰልስ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለልምምድ የግመል ደም ሲመረምሩ ያልጠበቁት ነገር አዩ። የሰው ፀረ እንግዳ አካል ሁለት ከባድና ሁለት ቀላል ሰንሰለቶች አሉት። ግመል ግን ቀላሎቹ የሌሉት፣ በከባዶቹ ብቻ የሚሠራ ተጨማሪ ዓይነት አላት። ውጤቱ በ1993 ታተመ። የዚያን ጫፍ ብቻ ቆርጠህ ብትወስደው አሁንም ይዞ ያስቀራል። መጠኑ ከሙሉው ፀረ እንግዳ አካል አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ናኖቦዲ ይሉታል። ሙቀትን ከትልልቆቹ የተሻለ ይችላል፣ በእርሾና በባክቴሪያም ሊመረት ይችላል። የበረሃ እንስሳ ደም ለበረሃ አገር የሚሆን ነገር ይዞ መገኘቱ ደስ ይለኛል። ሳይንሱ ይህን አይልም፣ እኔ ነኝ የምለው።

ትንሽ መሆን ጣጣ አለው። ኩላሊት በሰዓታት ውስጥ አጣርቶ ይጥለዋል። ስለዚህ ሰዎቹ ዘዴ አበጁ። አልቡሚን የሚባል ደም ውስጥ ቀናትን የሚቆይ ፕሮቲን አለ፤ መድኃኒቱ እሱን የሚጨብጥ እጅ እንዲኖረው አደረጉ። እንደ ባጃጅ ተሳፍሮበት ይዞራል። ኦዞራሊዙማብ የሚባለው እንዲህ ነው የተሠራው። ቲኤንኤፍን ይይዛል፣ በአራት ሳምንት አንዴ ይወጋል። ጃፓን በ2022 ለሩማቶይድ አርትራይተስ ፈቅዳዋለች። ልብ በሉ፣ ለኔው በሽታ ነው! ከሱ በፊት በ2018 አውሮፓ ካፕላሲዙማብን ፈቅዳለች። እሱ ለሌላ በሽታ ነው። መከላከያው የራሱን ኢንዛይም ሲያጠቃ ደም ትንንሽ ሥሮች ውስጥ የሚረጋበት፣ ቶሎ የሚገድል በሽታ አለ፤ ለሱ ነው። የመጀመሪያው የናኖቦዲ መድኃኒት እሱ ነው።

እናንተ የጻፋችሁት ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ስላለው ነው። በኔ ቋንቋ ልንገራችሁ። ከግመልም ሆነ ከሰው የተወሰደውን ፕሮቲን ማስተካከል ሳልባጅ ኮት ገዝቶ እንደማስጠበብ ነው። ትከሻው ቀድሞ ተሰፍቷል፣ አንተ ጎኑን ነው የምትነካካው። እነዚህኞቹ ግን ልክ ወስደው፣ ንድፍ አውጥተው፣ ከጣቃ ጨርቅ ይጀምራሉ። ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ የተሰካ ክር ነው። ክሩ ራሱ ተጠቅልሎ ቅርጽ ይይዛል። የትኛው አሰካክ የትኛውን ቅርጽ እንደሚሰጥ ማወቅ ነው ጭንቁ። አሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚሠሩት ዴቪድ ቤከርና ባልደረቦቻቸው በ2003 ተፈጥሮ ውስጥ የሌለ ቅርጽ ያለው፣ 93 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ነድፈው ሠሩ። ቤከር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤልን ግማሽ ተሸለሙ። የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር የመተንበዩን ነገር ከመሠረቱ ለለወጡት ለዴሚስ ሀሳቢስና ለጆን ጃምፐርም ሌላው ግማሽ ደረሳቸው።

አሁን በዚህ መንገድ የቲኤንኤፍን ቀዳዳ የሚደፍኑ፣ የአንጀትና የቆዳ ብግነት የሚያባብስ ሌላ መልእክተኛ የሚገባበትን ቀዳዳም የሚደፍኑ ትንንሽ ፕሮቲኖች ተነድፈዋል። የሁለተኛውን ቀዳዳ የሚደፍነው በአፍ ተሰጥቶ የታመመ አንጀት ያላቸውን አይጦች ረድቷል። አይጦችን! ጋዜጣችሁ ይህን ጽፏል፣ ግን አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ጎረቤቴ እልል ብላ ጨርሳለች። ከባዶ ተነድፎ ለሰው የተፈቀደው የመጀመሪያው ነገር ደቡብ ኮሪያ በ2022 ያጸደቀችው የኮሮና ክትባት ነው። ለኔ ዓይነቱ በሽታ አይደለም። እኔ ልብስ ነድፌ ስጨርስ ለደንበኛዬ «ለብሰሽዋል» አልላትም። ልኬው፣ ፈትቼው፣ እንደገና ሰፍቼው ነው የማስረክባት። መድኃኒት ደግሞ ከአይጥ በኋላ ጥቂት ጤነኛ ሰዎች፣ ከዚያ በርካታ በሽተኞች ላይ ይለካል። ብዙው እዚያው መለኪያው ላይ ይቀራል።

በአፍ ስለመሰጠቱ አንድ ነገር ልበል፣ ወንድሜም ያንብበው። ፕሮቲን ከተዋጠ ሆድ ውስጥ እንደ ሥጋ ይፈጫል። የግመሏ ደም ውስጥ ያለው ተአምር በወተቷ ጣቴ ላይ አይደርስም። ወተቱን አልጠላሁትም፣ አምጣልኝ። ለጣቴ ብለህ ግን አትድከም። ኢንሱሊን ራሱ 51 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው። ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ መጀመሪያ የተወጋው በ1922 ነው። መቶ ዓመት አለፈ፣ የእህቴ ልጅ ዛሬም እየተወጋች ነው። ሆድን የሚቋቋም ፕሮቲን መንደፍ ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ኢንሱሊኗን ደግሞ የት እንደምታስቀምጥ ላሳያችሁ። አልጋዋ ሥር ትልቅ ገንቦ አለ፣ ግማሹ ድረስ አሸዋ የተሞላ። አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። መሐሉ ላይ ትንሽ ማሰሮ፣ ማሰሮው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች ብልቃጥ። ባለፈው ሚያዝያ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ የጎረቤቶቻችን ማቀዝቀዣ ሁሉ ሥጋ ሲያሸት፣ ገንቦው ቀዝቃዛ ነበር። እኛ ቤት የፕሮቲን መድኃኒት አዲስ አይደለም ማለቴ ነው። ኢንሱሊን ከከብትና ከአሳማ ቆሽት እየተጨመቀ ነበር የሚወጣው። በ1982 በባክቴሪያ የተሠራው የሰው ኢንሱሊን ተፈቀደ። ትንሽ ስለሆነ፣ በባክቴሪያ ስለሚሠራ፣ ዛሬ ገንቧችን ውስጥ ደርሷል። ጋዜጣችሁ «ትንሽ» የምትለዋን ቃል እንደ ጌጥ ነው የተጠቀመባት። ለአዳማ ሰው የወሬው ዋና ነገር እሷ ነች። ሙቀት ይችላል? ያለ ማቀዝቀዣ ስንት ቀን ይቆያል? በባክቴሪያ ይሠራል ወይስ በዚያ ውድ ጋን? ጋዜጠኛ ሳይንቲስት ሲያገኝ ይህን ይጠይቅልን።

ቲቢንም አትርሱ። ቲኤንኤፍ የሚባለው ጯሂ፣ ሳንባ ውስጥ የተኛን የቲቢ ጀርም ከብቦ የሚያስተኛ ሥራም አለው። አፉን ስትዘጋው የተኛው ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች እነዚህን መድኃኒቶች ከመጀመራቸው በፊት የተደበቀ ቲቢ ይመረምራሉ። እኛ አገር ቲቢ ያልነካው ቤተሰብ ማግኘት ቀላል አይደለም። አባቴ በሱ ነው የሞተው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንተኛው። መድኃኒቱ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ያንኑ ቀዳዳ እስከደፈነ ድረስ ይህ ጥያቄ አይቀርም።

ስለራሴ ጉዳት አንድ ነገር ሳልናገር አልጨርስም። የምወስደው ሜቶትሬክሴት ነው። አሮጌ መድኃኒት ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሠርቶልኛል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ስጀምር አንድ መድኃኒት ቤት (ስሙን አልጠራም) ፓኮው ላይ በእስክሪብቶ «በቀን አንድ ጊዜ» ብሎ ጻፈልኝ። አመንኩት። በስድስተኛው ቀን አፌ ውስጥ ቆሳሰለ፣ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ሐኪሙ ፓኮውን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ሰውነት ደም መሥራቱን እንዲያቆም የሚያደርግ ስህተት ነው፣ ሰው የሚሞትበት። በሽታው ሲነሳብኝ የተሰጠኝን ፕሬድኒሶሎን የሚባል ብግነት ማብረጃም አውቀዋለሁ። ፊቴ አብጦ ደንበኞቼ «ተመቸሽ» ይሉኝ ነበር። ስለ ሲያትል ኮምፒውተር ሙሉ ገጽ ከሰጣችሁ፣ «ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ» የምትል አንዲት ሳጥን ከጎኑ ማስገባት ቦታ አያጣብብም። ከኔ ጋር ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ የሚወስዱት እሱን ነው፣ ነገም የሚወስዱት እሱን ነው።

አትጻፉ እያልኩ አይደለም። ያንን ገጽ ሦስቴ አንብቤዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ በሽታዬ ጋዜጣ ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ርዕሱን ብቻ አስተካክላችሁ በሚቀጥለው እትም አውጡልኝ። ፈውስ አይደለም፣ ገና አይጥ ላይ ነው፣ ኪኒናችሁን እንዳታቆሙ፤ በቃ፣ እሱን ያህል። ቆርጬ ለዚያች እናት እወስድላታለሁ። የኔን ቃል እንቢ ብላለች፣ የናንተን ግን ታምናለች።

ጽሑፌ መጨረሻው አካባቢ የተንጋደደው እጄ ስለደከመ ነው፤ ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል። ልታነጋግሩኝ ከፈለጋችሁ ስልኬ ፖስታው ጀርባ ላይ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ግን አትደውሉ። ኪኒኔን አርብ ማታ ስለምወስድ፣ ቅዳሜ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ያቅለሸልሸኛል።

አክባሪያችሁ
ልብስ ሰፊዋ፣ ከአዳማ